አራቱ ልጆች እነማን ነበሩ?

ክቡራትና ክቡራን፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ የማኅበራችን አባላት በሙሉ፤

ስለ ዳቦውና ስለ ለስላሳው፣ ከሁሉም በላይ መጋዝና ብሩሻችሁን አስቀምጣችሁ ስለተሰበሰባችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የስንብት ብርድ ልብስ የመረጠልኝ ሰው እጁ ይባረክ። የሆሳዕናን ሐምሌ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት፣ በር ላይ ሁላችሁም የጠየቃችሁኝን በአንድ ጊዜ ልመልስ። ጎረቤቴ መምህር ባፈና ተሽሏቸዋል። ቀኝ እጃቸው ገና አልታዘዝ እንዳላቸው ነው፤ አፋቸው ግን ተፈቷል። ትናንት ባለቤታቸውን እህተማርያምን "ይሄ ሾርባ ጨው የሚባል አላየም" ብለው ተቆጧት። እሷ ደግሞ እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ ሮጠች። "ጣቢታ፣ ተቆጡኝ እኮ! እንደ ድሮው ተቆጡኝ!" ዱራሜ ያለችው ልጃቸውም በሰላም ተገላግላለች፤ ወንድ ነው። እህተማርያም የጠየቃችሁን ሁሉ "ብድራችሁን ይክፈላችሁ" ብላችኋለች።

አዲስ የገባችሁ ልጆች "መምህር ባፈና ማን ናቸው?" ትሉ ይሆናል። በየመጫወቻ ሳጥኑ ላይ "የኮከብ ቀዬ" ብለን የምናትመውን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቻቸው የነገሩት ታሪክ ነበር፤ በኋላ በስቴንስል ተባዝቶ ከሞርሲቶ እስከ ዳምቦያ ዞረ። በታሪኩ የኛ አገር ሰዎች "ጮራ" በምትባል መንኮራኩር ተሳፍረው ሩቅ ኮከብ ላይ ይወርዳሉ። ዝናብ የለም። ውኃ ከድንጋይ ይጨምቃሉ፣ እንሰት ይተክላሉ፣ ሰባት መንደር ይመሠርታሉ። የሀገሩ ልጅ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ያንን ታሪክ የልጆች መጫወቻ እናድርገው ብለን እነ ጀማል፣ እነ ዘምዘም፣ እነ ጓድ ወንዳፈረውና እኔ ሆነን እቤታቸው ሄድን።

እሳቸውም ፈቀዱ። ምንም ክፍያ አልጠየቁም። ወረቀት አውጥተው አንድ ነገር ብቻ ጻፉ፤ "በታሪኬ ስም የሚሠራ ጨዋታ ከመውጣቱ በፊት፣ ታሪኩን ያላነበቡ አራት ልጆች እስከ መጨረሻው ይጫወቱት። ሲጫወቱ ያያቸው ሰው ስማቸውን ጽፎ ይፈርም።"

"ለምንድን ነው ያላነበቡ?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ያነበበ ልጅ የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል፤ ጉድለታችሁ አይታያችሁም" አሉኝ።

ያን ጊዜ እኔ የመጫወቻ ጠጠር ማስቀመጫ ከረጢት ሰፊ ነበርኩ። መሠረተ ትምህርት ተምሬ ማታ ማታ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። "ፊርማሽ ያምራል፣ ልጆችም ይወዱሻል" ተብዬ የሙከራ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። የሙከራ ክፍል ማለት አንድ ሰሌንና እኔ ነን። ባለፈው ወር "ክፍሉ አስፈላጊ ሆኖ ስላልተገኘ ተዘግቷል" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ ባሌ "ሰሌኑንም አሰናበቱት?" ብሎ አሳቀኝ። አዎ፣ ሁለታችንም ተሰናብተናል።

ታዲያ ዛሬ ካላወራሁ መቼ ላወራ ነው?

የመጀመሪያውን ጨዋታ የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ጥቂት ነን። ጀማል ከዋንዛ እንጨት ሰሌዳውን ጠርቦ፣ ዘምዘም ስልሳውን ቤት አንድ በአንድ ቀብታ። እያንዳንዱ ልጅ አሥር የውኃ ጠጠር ይዞ ይነሣል፤ መንገድ ላይ የተጠማ ካገኘ ይስጥ ወይስ ይለፍ፣ ራሱ ይወስናል። አራቱ ልጆች በዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ረሱ። አንዱ የመጨረሻ ጠጠሩን ለጓደኛው ሰጥቶ ተሸነፈና አለቀሰ፤ እንባው ሳይደርቅ ደግሞ "እንደገና እንጫወት" አለ። ጓድ ወንዳፈረው ራሳቸው ሰሌኑ ላይ ቁጭ ብለው በስምንት ዓመት ልጅ ተሸንፈዋል። "አጭበርብራኛለች! አልቀበልም!" እያሉ ሲጮኹ ነበር። ያኔ ጓድ ሊቀ መንበር አልነበሩም፤ ወንዳፈረው ብቻ ነበሩ። ይስቃሉ፣ አየኋቸው። ይሳቁ፣ መልካም ጊዜ ነበር።

ሁለተኛው፣ "የሰባቱ መንደር ገበያ"፣ እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ ጥሩ ግማሹ ድርቅ ያለ ነበር። እንሰት መትከሉ ጋ ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ ገበያው ጋ ሲደርሱ ያዛጋሉ። የደንቡ ወረቀት ስድስት ገጽ! "ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ፈተና?" አለችኝ አንዷ። ሁለት ጊዜ አስተካከልነው። ድንቅ አልሆነም፤ ግን ልጅ ጀምሮት ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው ላይ ነው የኔ ነገር ያለው።

ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አንድ ሺህ ሳጥን በአርባ ቀን ተብሎ ከበላይ ታዘዝን። እንጨት አልነበረም። ሰሌዳው ይነስ ተባለ፤ ስልሳው ቤት አርባ ስምንት ሆነ። ዘምዘም የሣለቻቸው ኮከቦች ወጥተው መፈክር ገባ። "እትዬ፣ የቀባሁትን በራሴ እጅ አስፋቁኝ" ብላ እዚያ ጥግ ቆማ የነገረችኝን አልረሳም። ሳጥኖቹን የሚጭነው መኪና በራፍ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ጓድ ወንዳፈረው የሙከራውን ቅጽ ይዘው መጡ።

"ጓድ ጣቢታ፣ ይፈርሙ።"

"ልጆቹ አልተጫወቱትም እኮ።"

"ልጆቹ በዓሉ ላይ ይጫወቱታል! ስሙ 'የኮከብ ቀዬ' ነው፤ ስሙ ይበቃል!"

ቅጹ የአራት ልጆች ስም ይጠይቃል። እኔ ምን አደረግሁ? የራሴን አራት ልጆች ስም ጻፍኩ። ታሪኩን ከነነጥቡ የሚያውቁትን፣ ያን ሳጥን በዓይናቸው ያላዩትን ልጆቼን። ፈረምኩ። የሞተሩ ድምፅ ነው ያስፈረመኝ ብል ማን ያምነኛል? ግን እንደዚያ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ለቅቤ ጃጁራ ገበያ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ እዚያ ታስተምራለች፤ ልጠይቃት ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አልኩ። አንድ ክፍል ውስጥ ልጆች የኛን ሰሌዳ ከበው ተቀምጠዋል። ጠጠሩ አርባ ስምንት ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ከዚያ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ለካ የደንቡ ወረቀት ሰሌዳው ሳይቀነስ በፊት ተባዝቶ ኖሯል! "ስልሳኛው ቤት የደረሰ ኮከቡን ረግጧል፤ አሸንፏል" ይላል። ስልሳኛ ቤት የለም።

አንዲት ልጅ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ቦርሳ ያነገተች፣ ቀና ብላ፣ "እትዬ፣ መድረሻው የት ጋ ነው?" አለችኝ።

"መቼ ጀመራችሁ?"

"ሰኞ።"

ሐሙስ ነበር። አራት ቀን! ደግሞ እኮ ማንም "ሳጥኑ ተበላሽቷል" አላለም። አስተማሪያቸው "ደንቡን በደንብ ስላላነበባችሁ ነው" ብሎ እያፈራረቀ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አድርጓቸዋል። ልጆቹ ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸዋል። ሰነፎች ስለሆንን ነው ብለዋል። ያን ቀን ቅቤውን ሳልገዛ ተመለስኩ።

እዚህ ስደርስ ግድግዳው ላይ ሪፖርት ተለጥፏል፤ "ጨዋታውን ሕፃናት በከፍተኛ ስሜት ተቀብለውታል።" ማን ጠየቃቸው? ከእናንተ መሀል አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ያንን ሳጥን ከፍቶ ተጫውቶታል? እኔስ ተጫውቼዋለሁ?

ወሬው መምህር ባፈና ጆሮ ደረሰ። አልጮኹም። በአጥራችን በኩል ጠሩኝና ቀስ ብለው፣ "ጣቢታ፣ አራቱ ልጆች እነማን ነበሩ?" አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አጥሩ ሥር ያለውን ጎመን መቀንጠስ ያዝኩ።

"ትልቁን ልጅሽን 'ሦስተኛው ጨዋታ እንዴት ነው?' ብዬው ነበር። 'የቱ ጨዋታ?' አለኝ።"

ከዚያ በኋላ አልተቆጡኝም፤ ሰላምታም አልነፈጉኝም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ኮከብ ቀዬ አንድ ቃል አንሥተውብኝ አያውቁም። ሦስት ክረምት በአጥር እየተያየን፣ ስለ ጎመንና ስለ ዝናብ ብቻ። በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤያለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ የበላኝ የለም።

እናንተ "ትንሽ ነገር ነው፣ መጫወቻ ነው" ትሉ ይሆናል። ጓድ ወንዳፈረውም ብለውኛል። "ጣቢታ፣ ሰው ስንት ችግር አለበት፣ አንቺ ስለ እንጨት ሰሌዳ!" እሺ። ግን ያቺ የጃጁራ ልጅ ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም አምና ነው የከፈተችው። የመጀመሪያው ጥሩ ስለነበር ነው ሦስተኛውን ያመነችው። ጀማል በዋንዛ እንጨት የገነባውን እምነት ነው እኛ በአርባ ቀን የጨረስነው።

አሁን ወደ ባለፈው ወር ደብዳቤ ልምጣ፤ ከዚያ እጨርሳለሁ፣ አትሰልቹኝ።

አራተኛው ጨዋታ፣ "የጮራ መመለስ"፣ አልቋል። የመምህር ባፈና ፈቃድ ግን አሁንም ፊርማ ይጠይቃል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤዬ በተሰጠኝ ፖስታ ውስጥ አንድ ቅጽ አብሮ መጣልኝ፤ "ከመሄድሽ በፊት ፈርመሽ መልሺ።" ቅጹ በታይፕ ተሞልቷል። የአራት ልጆች ስምም ተሞልቷል።

የማን ስም ይመስላችኋል?

የልጆቼ! የያኔውን ወረቀት አውጥተው እንዳለ ገልብጠውታል፣ ዕድሜያቸውን እንኳን ሳይቀይሩ። ትልቁ ልጄ በዚያ ወረቀት ላይ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ጠጠር ይገፋል። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ስምንት ወሩ ነው። ደብዳቤው ከመጣ አራት ወር አልፏል። እኔ የት እንዳለ አላውቅም፤ ቅጹ ግን "ተጫውቶ ደስ ብሎታል" ይላል።

እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ያን ወረቀት ሳነብ ማንን ልሳደብ? የገለበጠችውን የታይፕ ልጅ? እሷ ምን አደረገች፤ የኔን ውሸት ነው የገለበጠችው። የኔ ውሸት ለመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ የመጨረሻ ሥራዬን ሠራሁ። ከመጋዘን አንድ ሳጥን በፊርማዬ አውጥቼ ቤቴ ወሰድኩ። ከሰፈራችን ታሪኩን ያላነበቡ አራት ልጆች ፈልጌ አመጣሁ። አራት ማግኘት እንዴት ይቸግራል መሰላችሁ! ለኮከብ ቀዬ ክብር ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ተጫወቱት፤ እኔም አየኋቸው።

ዘምዘም፣ ሥዕሎችሽ ከመጀመሪያውም ይበልጣሉ። አንዷ ልጅ ሰሌዳውን እንደ ሕፃን ስትዳብሰው ነበር። ጀማል፣ ጠጠሮቹ እጅ ላይ ይመቻሉ፤ ተባረክ። እስከ መሀል ድረስ ጨዋታው ጨዋታ ነው። ከዚያ ግን ውኃውን ቀድሞ የሞላ ልጅ ጮራን ይዞ ብቻውን ይሄዳል። ሌሎቹ ሦስቱ? ምንም። ጠጠራቸውን ይዘው ቁጭ።

ረሂማ የምትባለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሦስቱንም ጊዜ ቀርታለች። በሦስተኛው እኔን አየት አድርጋ፣ "እትዬ፣ የቀረነው ምን እንሥራ?" አለችኝ።

በመምህር ባፈና ታሪክ ውስጥ ጮራ ሰው ጥላ አትሄድም፤ የመጨረሻው ሰው ሳይሳፈር አትነሣም። ይህን ደንብ ያወጣው ኮሚቴ ታሪኩን አላነበበውም ማለት ነው። ወይም አንብቦ ግድ አልሰጠውም፤ የቱ እንደሚብስ እኔ አላውቅም።

ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቅጹ ይኸው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። የልጆቼን ስም ሰርዣለሁ። በምትኩ የተጫወቱትን የአራቱን ልጆች ስም በእጄ ጽፌያለሁ። "ለሽያጭ ብቁ ነው" በሚለው ቦታ "ገና ነው፤ የሚቀሩት ልጆች ሥራ ይሰጣቸው" ብዬ ፈርሜያለሁ። በራሴ እጅ ያበላሸሁትን በራሴ እጅ ልመልስ ብዬ ነው እንጂ ልዳፈርዎት ብዬ አይደለም። ከፈለጉ ቅጹን ቀድደው ሌላ ማስታየፕ ይችላሉ። የኔ ፊርማ ግን እዚያኛው ላይ አይኖርም። ትናንት ለመምህር ባፈናም ይህንኑ ነገርኳቸው። ስጨርስ "እንግዲህ አሁን ልጆቹን አውቄያቸዋለሁ" አሉኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ።

ወዳጆቼ፣ መራራ ከተናገርኩ ይቅር በሉኝ፤ ጣፋጩን ስምንት ዓመት ሙሉ ሰጥቻችኋለሁ። እጃችሁ አይዛል። መጋዙ ጣታችሁን አይንካ። እናንተ እናቶች፣ የላካችሁት ልጅ በእግሩ ይመለስላችሁ፤ የኔንም አሜን በሉልኝ። ጓድ ወንዳፈረው፣ እግዚአብሔር እንደገና ሰሌን ላይ ቁጭ ብለው የሚሸነፉበትን ቀን ያምጣልዎ። ሁላችሁም የሠራችሁትን ነገር ከፍታችሁ ለመጫወት የማታፍሩበት ዘመን ይስጣችሁ።

ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል ረሂማ ከሦስቱ ጓደኞቿ ጋር በራፌ ላይ ቆማ አገኘኋት።

"እትዬ ጣቢታ፣ ሳጥኑን ይዘሽው ትመለሻለሽ?"

"አይ ልጄ፣ ዛሬ አስረክቤው ነው የምመለሰው። ከእንግዲህ እዚያ አልሠራም።"

"እና ማን ያስተካክለዋል?" አለች።

"እጠይቃቸዋለሁ" አልኳት። ይኸው ጠየቅኳችሁ።