የአንድ ቅዳሜ ምርጫ

ጋሽ ሚዛን የዚያን ዕለት ጠዋት ሆስፒታል የሄዱት ለራሳቸው ጉልበት ነበር። ደረጃ ሲወርዱ መንቋቋት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ባለቤታቸው ነዝንዛ ነዝንዛ በመጨረሻ ከቤት አስወጣቻቸው። ከአጥንት ሕክምና ክፍሉ በር ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ በጀሶ የተጠቀለለ አንድ ረጅም እግር መተላለፊያውን ዘግቶት አዩ። ዐይናቸውን ከተረከዙ ወደ ላይ እየሰደዱ፣ የዚህ እግር ባለቤት እኔ ዘንድ መምጣት ነበረበት ብለው በሆዳቸው አስበው ሳይጨርሱ ፊቷ ላይ ደረሱ። ክው ብለው ቀሩ።

ሎጋዋ ነበረች።

እዚህ ላይ ጋሽ ሚዛን ማን እንደሆኑ መናገር ያስፈልጋል። የሴት ታዳጊዎች ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ቡድን መራጭ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተጫዋቾቹ ሲሆኑ፣ አንዲት ልጅ በበር ስትገባ አንዴ አይተው ቁመቷንና ክብደቷን ይናገራሉ፤ ሚዛን ቢመጣም ከቃላቸው ዝንፍ አይልም ይባልላቸዋል። የምርጫው ሥርዓት ራሱ የሳቸው ነው። በዓመት አንድ ቅዳሜ ትልቁ አዳራሽ ይከፈታል፤ ከየአቅጣጫው የመጡ ልጆች ቁጥር ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ጥቂት ይጫወታሉ። ከዚያ ጋሽ ሚዛን ጣታቸውን ይቀስሩና "አንቺ ግቢ፣ አንቺ ውጪ" ይላሉ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉም ያልቃል። ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።

ዘንድሮ ጣታቸው ከሁሉ ቀድሞ ያረፈው ይቺ ልጅ ላይ ነበር። ሎጋዋ ያሏትም እሳቸው ናቸው።

"ምን ሆንሽ ልጄ?" አሏት።

ልጅቷ አቀረቀረች። አጠገቧ ያለው አባቷ፣ እጁ የብየዳ ፍንጣሪ ባሳረፈበት ጠባሳ የተዥጎረጎረ በያጅ፣ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላቸው።

"እኔም እንደ እርስዎ ደንግጬ ነው ያለሁት፣ ጋሼ። ትናንት ልምምድ ላይ ወደቀች ብለው ደወሉልኝ። ወለምታ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። ሐኪሟ ግን አጥንቱ ትናንት የተጎዳ አይደለም አለችኝ።"

"ትናንት ካልሆነ መቼ ነው?"

"ከምርጫው በፊት ጀምሮ የተሰነጠቀ ነው አለች። ይኸው አባቷ ነኝ፣ አንድ ጣራ ሥር እያደርን አላወቅኩም።"

ጋሽ ሚዛን የምርጫውን ዕለት አስታወሱ። ያን ቅዳሜ ይቺ ልጅ አዳራሹን ከዳር ዳር ስትሮጥ፣ ቅርጫቱን ለመንካት ጥቂት እስኪቀራት ስትዘል፣ እሳቸው አጨብጭበውላት ነበር። በተሰነጠቀ አጥንት ነበር የዘለለችው።

በዚህ መሀል የክፍሉ በር ተከፈተና ሐኪሟ የራጅ ፎቶ በእጇ ይዛ ብቅ አለች። የጋሽ ሚዛን የእህታቸው ልጅ ናት። በተማሪነቷ ራሷ ቅርጫት ኳስ ትጫወት ነበር፤ አሁን ደግሞ ከሥራዋ በተረፋት ጊዜ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ እየሄደች ልጆችን ታሠለጥናለች። አጎቷን ስታይ ሰላምታ ለመስጠት ጎንበስ አለች፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ሰላምታውን አቋርጣ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው።

ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ በጣቷ አሳየቻቸው። በረጅሙ የቅልጥም አጥንት ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር አለች፤ ከሷ አጠገብ ደግሞ ስብራቱ።

"ቀጭኗ መስመር የቆየች ናት አጎቴ። ያኔ አርፋ ቢሆን ራሷን ችላ ትድን ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?"

"ጠየቋት?"

ጋሽ ሚዛን ወንበሩ ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። "ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ጠዋት ሲመጣብኝ የማንን እግር እየዳሰስኩ ልጠይቅ?"

"እኔ ጠይቄያታለሁ። ያለችኝን ልንገርዎት? 'ቀኑ አንድ ነው፤ አሞኛል ካልኩ ውጪ እባላለሁ፤ ከወጣሁ የሚያስገባኝ የለም' ነው ያለችኝ። ከምርጫው በፊት በነበሩት ቀናት ሕመሙ እንዳይታወቅባት እቤት ውስጥ ቆማ ነበር የምትበላው፤ ከወንበር ስትነሳ ታነክስ ስለነበር።"

አዛውንቱ ራጁን እንደገና አዩት። ነገር ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራበትን ነገር በአንድ ወሬ አይጥልም፤ ጋሽ ሚዛንም ቶሎ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

"ስሚኝ ልጄ። ይህን የአንድ ቀን ሥርዓት ያመጣሁት ሰንፌ እንዳይመስልሽ። ከኔ በፊት ምርጫው ወር ሙሉ ይጎተት ነበር። በዚያ ወር ውስጥ ስልክ ይደወላል፣ አማላጅ ይላካል፣ ባለሥልጣኑ የወንድሙን ልጅ ይዞ ይመጣል። አንዱ ጎረቤቴ ሚስቱን ልኮ ሳሎኔ ውስጥ አስለቅሶብኛል። በአንድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ባለበት አዳራሽ፣ ፊት ለፊት ስመርጥ ግን የማንም እጅ አይገባም። የአማላጅን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ሐኪሟ ራጁን ከመብራቱ አወረደች። የአጎቷ ነገር እውነትነት እንዳለው ታውቃለች፤ እሷ ራሷ በተጫወተችበት ዘመን ሰው አለኝ ያለች ልጅ እንዴት ትገባ እንደነበር በዐይኗ አይታለች።

"ልክ ነዎት" አለች። "ያን በር መዝጋትዎ ትልቅ ነገር ነው። ግን አማላጅ እንዳይገባ በሩ ሲዘጋ ልጆቹም አብረው ውጪ ቀሩ። አማላጅ የሚመጣው መራጩ አንድ ሰው ስለሆነ ነው፤ የሚደወልለት ስልክ ስላለ። ሦስት መራጮች ተራርቀው ቢቀመጡ፣ አንዱ ሌላው ማንን እንደመረጠ ሳያውቅ ቢመርጡ፣ ጎረቤትዎ ሚስቱን የማን ሳሎን ይልካል?"

"የኔ ዐይን ግን አይስትም። ውጪ ካልኳቸው ልጆች አንዷ እንኳ ተጫዋች ሆና አይቼ አላውቅም።"

"ሄደው አይተው ያውቃሉ?"

ጋሽ ሚዛን ጉልበታቸውን ማሻሸት ጀመሩ። የእህታቸው ልጅም አልጨቀጨቀቻቸውም፤ የጉልበታቸውን መድኃኒት ከጻፈችላቸው በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ወደምታሠለጥንበት ሜዳ ብቅ እንዲሉላት ብቻ ለመነቻቸው።

ሜዳው ሲሚንቶው የተላላጠ፣ አንደኛው ቅርጫት መረብ የሌለው ነው። ጋሽ ሚዛን አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ረጃጅሞቹን በዐይናቸው ፈለጉ። ትንሽ ቆይቶ ግን ዐይናቸው ሳያዙት ወደ አንዲት ድንክዬ ልጅ ይሄድባቸው ጀመር። ጓደኞቿ ድንቢጥ ይሏታል። ልጅቷ ኳሱን እያነጠረች ወደ ቀኝ ታያለች፤ ተከላካዮቹ ወደ ቀኝ ሲጎርፉ ኳሱ በግራ በኩል፣ ማንም ያላያት ልጅ እጅ ውስጥ ይገኛል። የጓደኞቿ ትንፋሽ ሲያጥር ጨዋታውን ታበርዳለች፤ የሌሎቹ ሲያጥር ታፋጥናለች። እሷ ራሷ ወደ ቅርጫቱ የወረወረችው ጥቂት ነው፤ ቡድኗ ግን አሸነፈ።

ጋሽ ሚዛን አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። "ይቺ ማን ናት? የት ደብቀሻት ነው እስከዛሬ?" አሉ፣ ድምፃቸው ተለውጦ።

ሐኪሟ ልጅቷን ጠራቻት። ድንቢጥ ላቧን በክንዷ እየጠረገች መጥታ በአክብሮት ጎንበስ አለች። "ደህና ነዎት ጋሼ?"

"ታውቂኛለሽ እንዴ?"

"አዎ። ለምርጫው መጥቼ ነበር።"

"የቱ ምርጫ?"

"የዘንድሮው። 'አንቺ ውጪ' አሉኝ።"

ጋሽ ሚዛን ልጅቷን ትክ ብለው አዩአት። ይበልጥ የደነገጡት ስላስወጧት አይደለም፤ ፊቷን ጨርሶ ስላላስታወሱት ነው። ቁመትና ክብደት የማይረሳው ያ የተመሰከረለት ዐይን ይቺን ልጅ አላያትም ነበር።

"እንዲህ ትጫወቺ ነበር ያኔም?" አሉ፣ አዎ እንዳትላቸው እየፈሩ።

"አይ፣ ያኔ ኳስ አልደረሰኝም። ሁሉም ለመታየት ስለምትፈልግ የምታቀብል የለችም። እኔ ደግሞ ያገኘኋትን ኳስ አቀበልኩ። ያቀበልኳት ልጅ ቅርጫቱ ውስጥ አገባችና እሷ ተመረጠች።"

ነገሩን ያለ ምሬት፣ ዝናብ ጣለ እንደሚባል ነው የተናገረችው። ጋሽ ሚዛን የባሰ አንገታቸውን ደፉ። ዐይናቸው እግሯ ላይ አረፈ፤ ጫፉ የተቀደደ የሸራ ጫማ አድርጋለች።

"የስፖርት ጫማ የለሽም?"

"ነበረኝ። ከምርጫው ስመለስ ለእህቴ ሰጠኋት። አያስፈልገኝም ብዬ ነው።"

ከዚህ በላይ መስማት አልቻሉም። "ሰኞ ነይ" አሉ በችኮላ፣ ጣታቸውን ወደ ልጅቷ ቀስረው። "ብሔራዊ ቡድን ገብተሻል። አለቀ።"

ድንቢጥ ሐኪሟን አየች። ሐኪሟ ልጅቷን ውሃ እንድትጠጣ ልካ፣ አጎቷን ከሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሁን ያደረጉት ያንኑ ነው። ያኔ በጣትዎ አስወጧት፣ ዛሬ በጣትዎ አስገቧት። ዛሬ እኔ ባልጠራዎት ኖሮስ? በየሰፈሩ፣ በየትምህርት ቤቱ ጫማዋን ለእህቷ የሰጠች ስንት ልጅ አለች?"

አዛውንቱ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ መራጭ አልነበረም። "አልዋሽሽም፣ አስደንግጠሽኛል። አንዷን በሕመሟ አጨበጨብኩላት፤ ሌላዋን በችሎታዋ አስወጣኋት። ቁመት አያለሁ እንጂ ልጅ አላይም ማለት ነው።"

"ቁመቱም ቢሆን አይጨበጥም። ሁለቱ በዕድሜ እኩያ ናቸው። ሎጋዋ ቀድማ ስላደገች ከዚህ በኋላ ብዙ አትጨምርም። ድንቢጥ ገና ልታድግ ነው፤ እናቷን ቢያዩዋት ከበር ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው።"

ጋሽ ሚዛን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "እንግዲያው አስተምሪኝ" አሉ። "ከምን ይጀመር?"

ወደ ምሽት እስኪቃረብ እዚያው ተቀምጠው ተነጋገሩ። እሷ ያለችውን ሁሉ አልተቀበሉም፤ ልጆቹ የጨዋታ ዕውቀታቸውን በወረቀት ይፈተኑ ያለችውን ኳስ በወረቀት አይነጥርም ብለው ጣሉት። እሷም ሳቀችና ተወችው።

በሳምንቱ በቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽኑ ስብሰባ ላይ ጋሽ ሚዛን ተነስተው የገዛ ሥርዓታቸውን ሲያፈርሱ የሰሙ ሁሉ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። ሊቀመንበሩ፣ "የእርስዎ ዐይን እያለ ሌላ መራጭ ምን አስፈለገ?" አላቸው።

"ዐይኔን ሁሉም ያምነዋል፤ የማላምነው እኔ ብቻ ነኝ" አሉ። "ከዛሬ ወዲያ ምርጫው በተለያዩ ቅዳሜዎች ይሁን። አንድ ቀን የታመመች፣ ከሩቅ ተጉዛ የደከማት፣ የደነገጠች ልጅ በሌላው ቀን ራሷን ታሳየን። ከሁሉ በፊት ሐኪም ትያቸው፤ የተጎዳች ካለች ቦታዋ ተጠብቆላት ትረፍ፤ ያኔ ሕመሟን የምትደብቅበት ምክንያት አይኖራትም። በቡድን ይጫወቱ፤ ያቀበለችም እንዳገባችው ትቆጠር። ሦስት ሰው ተራርቆ ይምረጥ፤ አማላጅ ማንን እንደሚለምን ይጥፋው። የቀረችው ልጅ ደግሞ ለምን እንደቀረች ይነገራት።"

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ድካም ነው ያለ አለ፤ ሽማግሌው ጃጁ ብሎ ያሾፈም አልጠፋም። ያም ሆኖ በመጨረሻ ተሞከረ።

የመጣውን ፍሬ ሰው ሁሉ አይቶታል። ሐኪሟ ባየቻቸው ልጆች መሀል ሌሎችም የተሰነጠቀ አጥንትና ያበጠ ቁርጭምጭሚት የደበቁ ተገኙ፤ አርፈው ድነው ተመለሱ። ሎጋዋም ጀሶዋን አውልቃ፣ ቀስ በቀስ ተለማምዳ፣ ቦታዋ ሳይነካ ገባች። አባቷ አሁን ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ውጤቷ ሳይሆን ስለ እግሯ ነው። ድንቢጥን ሦስቱም መራጮች ሳይመካከሩ መረጧት፤ አቀባይ ሲያገኙ አግቢዎቹ ሁሉ ሌላ ተጫዋች ሆኑ። ጋሽ ሚዛን አጥብቀው የወደዷት አንዲት ልጅ ደግሞ በሁለቱ መራጮች ድምፅ ቀረች። ነገሩ አንገበገባቸው፤ ቢሆንም ዋጥ አድርገው ተቀበሉት።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሳይመረጡ የቀሩትን ልጆች አንድ በአንድ ጠርቶ የማናገር ተራ የሳቸው ሆነ። የመጀመሪያዋ ገብታ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ደርቃ ተቀመጠች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

"መከላከልሽ ግሩም ነው" አሏት። "ግራ እጅሽ ግን አይሠራም። ኳስ በግራ ማንጠር እስክትለምጂ ሥሪበት፤ በመጪው ምርጫ እንደገና እናይሻለን።"

ልጅቷ ዐይኖቿን አፍጥጣ አየቻቸው። "አልተባረርኩም ማለት ነው?"

"ማን አባረረሽ? አይተን አልጨረስንሽም።"

ለመሄድ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ "ግራ እጄን በምን ልጀምረው ጋሼ?" አለቻቸው።

ጋሽ ሚዛን ከጠረጴዛው ሥር ኳስ አነሱና "ነይ ላሳይሽ" ብለው ቀድመዋት ወጡ። ውጪ ተራቸውን የሚጠብቁት ልጆች፣ አልተመረጠችም የተባለችው ልጅ በግራ እጇ ኳስ እያነጠረች ከመራጩ ጋር ወደ ሜዳው ስትሄድ ሲያዩ አፋቸውን ይዘው እርስ በርስ ተያዩ።