በከበሮ ምት የተሰፋ እጅጌ

ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ካለችው ስፌት ቤቴ፣ ድሬዳዋ ያደጉ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ቀይ ኮት ይዘው ገቡ። «እጅጌውን አሳጥርልኝ ልጄ። እንዳታበላሽብኝ ብቻ፤ ከእንግሊዝ አገር የቀረኝ እሱ ነው» አሉኝ። እዚያ በኖሩባት ትንሽ ከተማ፣ የገና በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ በየመንገዱ ሙዚቃ ይጫወታል፤ ትልቁን ከበሮ የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። «ሙስሊም ሆነው?» አልኳቸው መስፋት እየጀመርኩ። «አንተ ወሎዬው ይህን ትጠይቀኛለህ? የጎረቤት በዓል አይደል እንዴ!» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ሙስሊሙ አባቴስ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የገና በዓል መቼ ቀርቶ ያውቃል?

ዓይናቸውን ጨፍነው ጠረጴዛዬን በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር። በሐሳባችን እሳቸው እዚያ ብርድ ውስጥ ከሰልፈኛው ጋር ይራመዳሉ፣ እኔ ደሴ ጭጋግ ውስጥ ከአባቴ ኋላ እሄዳለሁ፤ እግሬ የስፌት መኪናዬን ፔዳል በሳቸው ምት ይረግጣል። ጨርሼ ኮቱን ሲለብሱት አንድ እጃቸው አልወጣ አለ። እናንተዬ፣ የእጅጌውን አፍ ድፍን አድርጌ ሰፍቼዋለሁ! «አፉ ይበሉኝ ጋሼ፣ አሁኑኑ እተረትረዋለሁ» ብዬ መቀስ አነሳሁ።

እሳቸው ግን በጨርቅ የተሸፈነውን ጡጫቸውን አገላብጠው አዩት። «ቆይ፣ አትንካው» አሉ። «የከበሮዬ መምቻም ጫፉ እንዲህ በጨርቅ የተጠቀለለ ነበር።» ጠረጴዛዬን መቱት። ድም አለ።