ውሻህ ቫይረስ አለበት አሉኝ

ከማጀቴ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ ስንሄድ፣ ከጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ ከእሳቸው ወዲያ የተቀመጠች ሴት አዋራቻቸው።

«ጋሼ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ውሻዬ ነክሶኝ ነው። እሱም ሞተ።»

«ጤና ጣቢያ አልታዩም?»

«ታይቻለሁ። ነርሷ ‹ውሻው ቫይረስ ይኖርበታል፣ ወደ እርስዎም ይተላለፋል፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደው ይከተቡ› አለችኝ።»

«ቫይረስ? ያ... የኤድሱ?»

«ሌላ ቫይረስ አለ እንዴ?»

«ወይ ጉድ! በምላጭ ሲሉ እንጂ በጥርስ ሲሉ ሰምቼ አላውቅ።»

«ውሻ ምላጭ አይዝ! እኔስ ብሆን ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሴት የምትባል መች አየሁ?»

«ታዲያ አሁን ወደ ሆስፒታል ነዎት?»

«ምን በወጣኝ! በዚህ ሽበቴ ‹ቫይረስ አለበት› ልባል? ገበያ ነው የምሄደው።»

«ግን ውሻው እንዴት ሆኖ ሞተ?»

«ለሃጩን እያዝረበረበ፣ ያገኘውን ሁሉ እየነከሰ ነዋ።»

«አብዶ ነበራ!»

«አዎ፣ አብዶ ነው። እብደት እንጂ ቫይረስማ የለበትም፣ ወላሂ!»

«እሱስ ልክ ነዎት መሰለኝ... እኔ እንጃ።»

ሆስፒታሉ ጋ ስንደርስ፣ መናኸሪያ ወራጅ የነበርኩት እኔ «ወራጅ አለ!» ብዬ የሽማግሌውን ደህናውን እጅ ያዝኩ።