አብዲ ከጫቱ የተነሳ ቀን

የድሬ ሰው ከምሳ በኋላ ጫቱን ይዞ ከተቀመጠ ቤቱ ቢቃጠል አይነሳም ይባላል፤ ውሸት ነው! ለአሮጌዋ መኪናዬ ባትሪ የሚሞላ ትልቅ ዲናሞ ገዝቼ ራሴ ገጠምኩና በድሮው ቀጭን ሽቦ አሰርኩት። መብራቷ ቦግ ሲል ኮራሁ። ትንሽ ትንሽ ይሸታል፤ የአዲስ ዕቃ ሽታ መስሎኝ ነዳሁ። መጋላ ሰፈር ውስጥ ቀስ ብዬ ሳልፍ የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ አብዲ ሽታው ቢደርሰው ጫቱን ጥሎ ከበረንዳው በባዶ እግሩ ዘሎ መንገዱ ላይ ቆመ።

«አቦ፣ አጥፋው! ሽቦህ እየነደደ ነው!»

ኮፈኑን ስንከፍት የሽቦው ፕላስቲክ ቀልጧል። «ዲናሞውን አሳድገህ ሽቦውን ረሳኸው?» አለና ከራሱ መኪና ወፍራሙን ሽቦ ፈትቶ አሰረልኝ።

«ያንተስ?»

«የእኔዋ ትቁም። አንተ ግን ልጅህን ጭነሃል።»

ዞር ብዬ አየሁ። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች፤ ምንም አልሰማችም።