ጥርሱ የኔ፣ አፉ የልጄ

እኔ ልሙት፣ ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል የለችም። ጥርሴ እንጦጦን በአንድ ትንፋሽ የሚያስወጣ ሕመም ሲያመኝ፣ ልጄ ሽሮ ሜዳ ወዳለ የጥርስ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ አጋደመኝና ወደ ልጄ ዞሮ፣ «አባባን የቱ ጋ ነው የሚያማቸው?» አላት። እሷም ሳታቅማማ፣ «ከላይ፣ በግራ» አለች። «ኧረ ከታች ነው፣ በቀኝ!» ብል፣ «አይጨነቁ አባባ፣ ልጅዎ ነግራኛለች» ብሎ የማደንዘዣ መርፌውን አነሳ። «ጥርሱ እኮ የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። እሱ እቴ! «አይዞሽ፣ ሲያረጁ የሚያማቸውን ቦታ ይስቱታል» ብሎ እሷን ያጽናናታል። ዕድሜዬን ሙሉ የበላሁበትን አፍ አታውቀውም ተባልኩ፣ አያችሁ!

በቃ፣ ጣቱን ወደ ጤነኛው ጥርሴ እስኪሰድ ጠበቅሁና በዚያው ጥርስ ነከስኩት። ጩኸቱ ቁስቋም ድረስ ተሰምቷል። «የታመመ ጥርስ እንዲህ ይነክሳል?» አልኩት። እሱ እጁን እያራገፈ፣ «አባትሽ ይናከሳሉ እንዴ?» አላት። ልጄ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቋን ታፍናለች። በመጨረሻ ግን ወደኔ ጎንበስ ብሎ፣ «እሺ አባባ፣ የቱ ነው?» አለኝ፤ ነገርኩት፤ የታመመው ተነቀለ።

እሺ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ፈጥሬያለሁ። «የቱ ነው?» ብሎ የጠየቀው እኔን አይደለም፤ አሁንም ልጄን ነው። እኔ በጆሮዋ ሹክ አልኳት፣ እሷ ነገረችው፣ እሱም አመነ።