እኔን የጣሉኝ ቄስ ሚልኬሳ

የተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ከእጃጂና ከጌዶ መንገዱ ሳይበግራችሁ የመጣችሁ ወገኖች፣ የሴሚናሪያችን ተማሪዎች። አዴ ለንሳ፣ ባለቤትዎን ስንሸኝ እግዚአብሔር ከነልጆችዎ ያጽናዎ።

እኔ ሶፎንያስ ነኝ። ቄስ ሚልኬሳ በፈተና የጣሉኝ ተማሪ። ኋላም አብሬያቸው ያስተማርኩ።

አምቦ ላይ በፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪያችን ሃያ ሰባት ዓመት አገልጋይ ሲያሠለጥኑ አንድ ሕግ ነበራቸው። ተማሪ ከመመረቁ በፊት የገጠር ምእመናን ፊት ቆሞ ያለ ወረቀት ይሰብካል። ከዚያ እሳቸው ሕዝቡን ይጠይቃሉ፤ "ምን ሰማችሁ?" ሕዝቡ ካልሰማ ተማሪው አላለፈም። ነጥቡ ዘጠና አምስት ቢሆንስ? ቢሆንም።

እኔ በ2008 እጃጂ ቆምኩ። አርባ ደቂቃ ሰበክሁ። ግሪኩን ደረደርኩት፤ እግዚአብሔር የሚድነውን አስቀድሞ ስለ መወሰኑ ተራቀቅሁ። ራሴን በጣም ወደድኩት። ቄስ ሚልኬሳ ገበያ ጎመን ወደሚሸጡት ወደ አዴ ድንቅቱ ዞሩ።

"ምን ሰሙ?"

"ልጁ ብዙ ተምሯል።"

"ስለ ክርስቶስስ?"

አዴ ድንቅቱ አቀረቀሩ። "እሱ ጋ ገና አልደረሰም መሰለኝ።"

ጣሉኝ። አንድ ዓመት ከገበሬ ጋር እየኖርኩ እንድሰብክ ጌዶ ላኩኝ። ተናደድኩ? አዎ፣ ሰላምታ እንኳ ነፈግኳቸው። እሳቸው ግን በየወሩ በአውቶቡስ እየመጡ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። በዓመቱ እጃጂ ተመልሼ ቆምኩ፤ አለፍኩ።

ታመው ሆስፒታል ሳሉስ? ተማሪያችን ቀንዓ ሊጸልይላቸው መጣ። ረዥም ጸሎት ነበር። አሜን ሲል ዓይናቸውን ገለጡ። "ጥሩ ነው ቀንዓ። ግን ለእግዚአብሔር ስብከት አትስበክለት፤ ያውቀዋል።" ሳቅን። ዛሬ ያ ድምፅ በጣም ናፍቆኛል።

ከትናንት ጀምሮ አንድ ወሬ እሰማለሁ፤ "እሳቸው ሄዱ፤ እንግዲህ ፈተናው ይላላል" የሚል። ተማሪዎች፣ ስሙኝ። ቦርዱ ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጥቶኛል፤ ፈተናው አይላላም። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት እጃጂ ትቆማላችሁ። ያለ ወረቀት። የእጃጂ ምእመናን፣ እናንተም በይሉኝታ እንዳታሳልፏቸው። በይሉኝታ ያለፈ አገልጋይ መንጋ ይበትናል።

ጋሽ ሚልኬሳ፣ ናጋቲ። ደህና ይሁኑ። ዕድሜ ልክዎን ሲፈትኑን ኖሩ። ዛሬ በጌታዎ ፊት ሲቆሙ ግን ፈታኝ አይጠብቅዎትም። የእርስዎን ፈተና ክርስቶስ በመስቀል ላይ አልፎልዎታል፤ ይህንን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ይግቡ።