አራት በር፣ አንድ ማዞሪያ

(የፈጠራ ማስመዝገቢያ መሥሪያ ቤት ግቢ። ባለጋራዡ ጋሽ ንዋይና የፈጠራ መርማሪዋ ትርሲት፣ በሮቿ ሁሉ በተዘጉ አሮጌ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።)

ትርሲት፦ ጋሽ ንዋይ፣ ይኼ ፈጠራ አይደለም፤ ብልሽት ነው።

ንዋይ፦ ብልሽት ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። እኔ አስቤበታለሁ። አራት በር፣ አንድ የመስታወት ማዞሪያ። አየር የፈለገ ተሳፋሪ ማዞሪያውን ከሾፌሩ ይለምናል፤ ሰው ከሰው ይግባባል።

ትርሲት፦ በሮቹስ ከውስጥ እጀታ የሌላቸው ለምንድን ነው?

ንዋይ፦ እሱ ሁለተኛው ማመልከቻዬ ነው። ተሳፋሪው መስታወቱን አውርዶ፣ እጁን አውጥቶ ከውጭ ይከፍታል። እስኪወርድ ስለሚደክመው በር ለመጠርቀም አቅም የለውም። ስንት ዘመን «ቀስ!» ብዬ ጮኼ የሰማኝ የለም።

ትርሲት፦ በሉ ማዞሪያውን ይስጡኝ፤ ልውረድ።

ንዋይ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው።

ትርሲት፦ ኮትዎስ?

ንዋይ፦ ቢሮሽ፣ ወንበሩ ላይ።

ትርሲት፦ ላም አለኝ በሰማይ! ጥበቃው እንዲሰማን ጥሩምባ ይንፉ።

ንዋይ፦ ጥሩምባውን ነቅዬዋለሁ። ሦስተኛው ማመልከቻዬ ነው።

ትርሲት፦ በስመ አብ!

ንዋይ፦ እስከዚያ ፈርሚልኝ፣ ልጄ። ባለቤቴ «እስከ ቅዳሜ የፈጠራ ወረቀት ካላመጣህ ለቁራሌው ነው የምሰጣት» ብላለች። እንዴት ልለያት? ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል።

ትርሲት፦ ከባለቤትዎ ጋር?

ንዋይ፦ ከመኪናዋ ጋር።

ትርሲት፦ ያሳዝናል፤ ግን ፈጠራ አዲስ መሆን አለበት። የእኔም መኪና ያላት አንድ ማዞሪያ ነው፤ ይኸው ከቦርሳዬ አይለይም። ይዩት፣ ልክ ገጠመ። መስታወቱም ወረደ። በቃ፣ በሩ ተከፈተ፤ ማመልከቻዎ ተዘጋ።

ንዋይ፦ ቆይ። እስቲ ገልብጪው። ጀርባው ላይ ምን ይላል?

ትርሲት፦ «ን» ነጥብ «ጥ»።

ንዋይ፦ ንዋይ ጥሩነህ! በእጄ የቀረጽኩትን ዕቃ በእኔው ላይ ምስክር ታደርጊዋለሽ? የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ ነው።

ትርሲት፦ ሳሪስ ጋራዥ ውስጥ፣ ፊትዎ እስካይታይ የበያጅ መነጽር አድርገው ይህን የሸጡልኝ እርስዎ ነዎት?

ንዋይ፦ እኔው ነኝ። ጻፊው።

ትርሲት፦ እጽፋለሁ። ግን የቱን ቃልዎን ልጻፍ? የዛሬውን ነው፣ ወይስ ያን ዕለት «ኦሪጅናል ነው፣ ከፋብሪካ የመጣ» ብለው የማሉልኝን?

ንዋይ፦ ...ልጄ፣ በሩን ቀስ አድርገሽ መልሺውና ሰው ሳይሰማ እንነጋገር።